አራት ሰዓት ላይ የምትበራው ነጥብ

በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከኦክስጅን ማሽኖቹ ከፍ ብላ፣ የሳሙና መያዣ የምታህል ነጭ ሳጥን ተሰቅላለች። ነርሶቹ «ጆሮ» ይሏታል። ፊቷ ላይ አንዲት መብራት አለች፤ ማሽኖቹ ደኅና ሲሆኑ አረንጓዴ ትበራለች፣ ከመካከላቸው የአንዱ ድምፅ ሲለወጥ ቀይ ትሆናለች። ልጆቻቸውን የሚያስታምሙ እናቶች ሌላ የሚያዩት ነገር ሲያጡ እሷን ሲያዩ ይውላሉ። በሳጥኗ ጀርባ ላይ፣ ግድግዳው በሚሸፍነው በኩል፣ ሁለት ስሞች በትንንሽ ፊደል ተጽፈዋል። አንዱ የአክስቴ ነው። ሌላው ሳጥኗ ተሠርታ ሳያያት የሞተ ሰው ስም ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለው የጥገና ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሕክምና መሣሪያ ስትጠግን ኖራለች። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ከቁመቷም ያጠረ ነው። አንድ ማሽን ታሟል ሲሏት ክዳኑን ለመፍታት አትቸኩልም። ከጋዋኗ ኪስ ረጅም ካቻቢቴዋን ታወጣለች፣ ጫፉን በማሽኑ አካል ላይ ታሳርፋለች፣ እጀታውን ከጆሮዋ ኋላ ካለው አጥንት ጋር ታስደግፋለች፣ ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጥቂት ቆይታ «ይሄኛው ሳምንት አይቆይም» ወይም «ይሄ ደኅና ነው፣ የደከመው ጠሪው ነው» ትላለች። ተሳስታ አላየሁም። የክፍሉ ኤሌክትሪሻን፣ ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» የሚሉት ሰውዬ፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ለማሽን ሁሉ የሥጋ ዘመድ ነው» ይል ነበር። «ጆሮ» የሚለውን ስም መጀመሪያ ያወጣው እሱ ነው፣ ለአክስቴ። ሳጥኗ የወረሰችው በኋላ ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን አክስቴ በሰባት ቁጥር ማሽን ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማች። በዚያው ቀን የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መሣሪያ ተበላሽቶ የጥገና ክፍሉ ሰው ሁሉ ላይ ታች ይል ነበር። ካርዱ ላይ «ቅዳሜ ይታያል» ብላ ጻፈችና ሄደች። ዓርብ ሰባት ቁጥር ምንም ሳያሰማ ቆመ። አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ በእሱ ትተነፍስ የነበረችው ልጅ የስምንት ወር ነበረች።

አክስቴን ማንም አልጠየቃትም። ካርዱን ያነበበ ሰው የለም፤ ያነበበም ቢኖር ቅዳሜ ማለት ያስኬዳል። ማንም ስላልጠየቃት ይመስለኛል ራሷን መጠየቅ ያላቆመችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ፍሪጁ ማጉረምረሙን ባቆመ ቁጥር ከያዘችው ነገር ቀና ትላለች። እንደገና እስኪነሣ ድረስ እጇ ባለበት ይቆያል። ማሽን ሲጮህ የሚደነግጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ዝም ሲል የምትደነግጥ ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

መምህሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ነበር፤ ተማሪዎቹን ጥገና ክፍሉን ሊያስጎበኝ አምጥቶ አክስቴን ካቻቢቴዋን ጆሮዋ ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፍና አገኛት። ተማሪዎቹ ሲሳሳቁ እሱ አልሳቀም። ምን እንደሚሰማት ጠየቃት።

«ሲደክመው ይሰማኛል» አለች።

«ድካሙ በቁጥር ሲለካ ስንት ነው?»

«ቁጥሩን አንተ ፈልገው። እኔ የማውቀው መድከሙን ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቁጥሩን ይፈልግ ጀመር። በየሳምንቱ ትንሽ ማይክሮፎን ይዞ እየመጣ የማሽኖቹን ድምፅ ይቀዳል፣ አክስቴ «ይሄ ደክሟል፣ ይሄ አልደከመም» ትላለች፣ እሱ ይጽፋል። «ጡረታ ስትወጪ ጆሮሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽልን ትሄጃለሽ፣ እትዬ» ይላት ነበር። እሷም «ጉትቻውን ግን ይዤ እሄዳለሁ» ትለዋለች። ከአክስቴ አፍ ቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው።

ገንዘብ አልነበራቸውም። አንድ ቀን መምህሩ ማስታወቂያ ይዞ መጣ፦ መንግሥት ለጋራ የቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች የምርምር ድጋፍ ይሰጣል ይላል። አንድ የምርምር ተቋምና አንድ የሥራ ቦታ አብረው ካላመለከቱ ግን አይታይላቸውም። ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው። ሁለቱ አጋሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የይለፍ ቃል ይገባሉ። አንዱ ሲገባ ከስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ የሚጽፈውም ፊደል በፊደል በሌላው ፊት ይወርዳል። የአክስቴ ጽሑፍ በጥቁር፣ የእሱ በሰማያዊ ነበር።

ሰዓታቸው ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። አክስቴ ያን ጊዜ የማሽኖቹን ዙር ጨርሳ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ እሱ ደግሞ ክፍል ከመግባቱ በፊት ቤቱ ሆኖ ይከፍታል። እኔ በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ እስካገኝ በክፍሉ የጥገና ካርዶችን እተይብ ስለነበር አያቸው ነበር። አክስቴ ቀስ ብላ ትጽፋለች፤ ቃሉን በአፏ ሳትጨርስ እጇን አታሳርፍም፣ ያሳረፈችውን አታጠፋም። መምህሩ እንደ ጎርፍ ይወርድና ግማሹን መልሶ ያጠፋዋል። አንዳንዴ የታተመውን ገጽ ትሰጠኝና «ግጥም ተምረሻል፤ እስቲ ይሄን አሳጥሪልኝ» ትላለች። አንድ ቃል ባስጌጥኩ ቁጥር ግን አይታ «ይሄ ምን ይሠራል?» ትለኝ ነበር። ቃሉ ይወጣል።

ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከአጋሮቹ አንዱ ሥራውን መቀጠል ባይችል ምን ይደረጋል?» መምህሩ በሰማያዊ «እትዬ ጡረታ ስትወጣ ጆሮዋን በአደራ ታስረክባለች» ብሎ ጻፈና ስልክ ደውሎ እየሳቀ አጠፋው። ለመጨረሻ እናቆየው ተባባሉ። ባዶ ቀረ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ነጥቧ ሳትበራ ቀረች። አክስቴ ኔትወርክ ነው ብላ ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ ላይ በጥቁር «ዘገየህ» ብላ ጻፈችለት። በዚያች ሰዓት መምህሩ በዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ ነበር፤ ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀመጠ አሉ፣ ልቡ እዚያው ቆመ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።

ቀብሩ ላይ አባቱን ከሩቅ አየናቸው። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው ቀድማ ሞታ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አክስቴ ተራዋ ሲደርስ እጃቸውን ጨበጠች። ማን እንደሆነች አልነገረቻቸውም። ቃል ጠፍቷት እንጂ ልትደብቃቸው አይደለም።

ማመልከቻውን ትተወዋለች ብዬ አስቤ ነበር። በሳምንቱ ግን አራት ሰዓት ሲሆን ከፈተችው። ማስረከቢያው ገና ሰባት ሳምንት ይቀረው ነበር። እሱ ትቶላት የሄደውን ማስታወሻ አጠገቧ ዘርግታ ከቀረው ጀመረች፤ በየቀኑ አንድ አንቀጽ፣ አንዳንድ ቀን አንድ ዐረፍተ ነገር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጥቧ በራች።

«ነይ» ብቻ አለችኝ። ሄድኩ። ከመምህሩ ስም አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ ቁልጭ ብላ ቆማለች። አክስቴ ክው ብላለች፤ ሁለት እጆቿ ከፊደላቱ በላይ አየር ላይ ቀርተዋል። ጥቂት ቆይታ፣ የሚያያት ሰው ያለ ይመስል፣ ቀስ ብላ አንዱን ጣቷን አወረደችና የጀመረችውን ቃል ጨረሰች። ነጥቧ አልጠፋችም። አክስቴ መጻፍ ስታቆም ነጥቧ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ጠፋች።

በማግስቱም በራች፤ በሦስተኛው ቀንም። ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ። አክስቴ ስትጽፍ ነጥቧ ትቆያለች፣ ስትጨርስ ትሄዳለች። ሽቦ አይቶ ምንም አይደለም አለ። «ሲስተሙ ነው። መሥሪያ ቤት የሞተ ሰው አያውቅም። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ቀበሌው እስከ ዛሬ በስሟ ለስብሰባ ይጠራታል።» ሳቅን። አክስቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዘም አድርጋ መጻፍ ጀመረች። በአንድ ቃል የሚያልቀውን በሦስት ትጽፋለች። እኔን አሳጥሪልኝ ትል የነበረችው ሴት እንዲህ ስታረዝም አየሁ። ነጥቧ እንዳትጠፋ መሆኑ ገብቶኛል።

ማስረከቢያው አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ ነጥቧ በርታ ሳለ ብልጭ ድርግም የምትል ሰማያዊ ጭረት ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ ላይ ታየች። አክስቴ «ዘገየህ» ብላ ከጻፈችው ቃል በታች ነበረች። ብዙ ቆየች። ከዚያ አንድ ፊደል ወረደ። ሌላ ፊደል። በእያንዳንዱ መካከል ሰው ውኃ ቀድቶ የሚመለስበት ያህል ጊዜ ነበር። ሲያልቅ እንዲህ ይላል፦

«በሩ አልተቆለፈም።»

አክስቴ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ሽቦ ከትከሻዬ በላይ አነበበና ሲስተሙ ነው ብሎ አልደገመም። ካውያውን ከሶኬት ነቅሎ ወጣ። በዚያ ቀን አክስቴ ቤት ገብታ ፍሪጁ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ማክሰኞ እስካሁን ስትሸሸው የነበረውን ነገር አደረገች፤ ድጋፉን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደውላ አጋሯ መሞቱን ተናገረች። ያነሣችው ሴት ለስላሳ ድምፅ ነበራት። አዘነች፣ ደንቡንም አንድ በአንድ ነገረቻት። በሟቹ ቦታ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ መምህር መተካት ይቻላል፤ ለዚህም ቀድሞ የተስማማ ሰው ነበረ። ነገር ግን የሟቹን ንድፍና ማስታወሻ ለመጠቀም ወራሹ በወረቀት ላይ መፈረም አለበት። ያለ ፊርማው ማመልከቻው አይታይም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ገጹ ራሱን ይዘጋል፤ «ለእኔም አይከፍትልኝም የኔ እናት» አለቻት። የሚቀጥለው ጥሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አክስቴ ጡረታ ልትወጣ የቀራት አሥራ አራት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ በሕፃናት ክፍል ውስጥ የሚሰማ ጆሮ አይኖርም ማለት ነው።

ሽቦ ይህን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመምህሩ የይለፍ ቃል ኔትወርክ ሲያስቸግር እንዲረዳዱ ተብሎ አክስቴ ጠረጴዛ ላይ በተለጠፈ ናስትሮ ላይ ተጽፎ ነበር። የንድፉ ባለቤት በሕይወት ያለ መስሎ ካመለከተ የወራሽ ፊርማ አያስፈልግም።

«መሞቱን በስልክ ነው የነገርሻት፤ ስልክ ደግሞ ፋይል ውስጥ አይገባም» አለ። «በስሙ ግቢና ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጫኚለት። የሞተ ሰው አይከስም።»

አክስቴ ካቻቢቴዋን አንሥታ ወደ ማሽኖቹ ወጣች። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ግን ወደ እኔ ኮምፒውተር መጣችና ተነሺልኝ አለችኝ። የመምህሩን ስም ጻፈች። ከናስትሮው ላይ እያየች የይለፍ ቃሉን አስገባች። ማሽኑ አንድ መስመር መለሰላት፦ «ይህ ተጠቃሚ አሁን ገጹ ላይ ነው።»

መስመሩን ሁለቴ አነበበችው። ቦርሳዋን አነሣች።

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

አላውቀውም አልኳት።

«እኔም አላውቀውም። አድራሻው ገጽ ሁለት ላይ አለ።»

የወራሹን ወረቀት አትማ ያዘች። ጸሐፊ ትሆኚኛለሽ ብላ ነው የወሰደችኝ፤ መንገዱን ሁሉ ግን እጄን አልለቀቀችም።

ቤቱ ከሆስፒታሉ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከጫማ አዳሽ ሱቅ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ ሁለተኛ ፎቅ። አክስቴ ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ በሩ በራሱ ገርበብ አለ። አልተቆለፈም ነበር።

ውስጡ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና አለ። አጠገቡ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ ቆሟል፤ አንድ እጅጌው ያልተሰፋ ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ያ እጅጌ በረጅም ነጭ ክር ለጊዜው ተያይዟል። በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በመቀስና በጠመኔ መካከል፣ ላፕቶፕ ተከፍቷል። አባቱ ጀርባቸውን ሰጥተውን ፊቱ ተቀምጠዋል። ስንገባ ዞር አላሉም።

«ዛሬ አልጀመረም» አሉ።

በላፕቶፑ ላይ የእኛው ገጽ ነበር። ከመምህሩ ስም አጠገብ ነጥቧ በርታለች። ከአክስቴ ስም አጠገብ ያለችው ጠፍታለች። አክስቴ ያንን ስታይ ትከሻዋ ወረደ። ለአንድ ወር ያህል የሞተ ሰው ሲጎበኛት የነበረ መስሏት ነበር፤ እዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ገጽ ላይ ፊደል ብቻውን ሲወርድ እያዩ ይቀመጡ ነበር።

«ጋሼ» አለች፤ «በሩ አለመቆለፉን ጽፈውልኛል።»

ያን ጊዜ ዞሩ። ፊቷን ሳይሆን እጆቿን አዩ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ ተነሥተው ከወንበሮቹ ላይ ጨርቆቹን ሰበሰቡልንና አስቀመጡን። ልጃቸው አራት ሰዓት ላይ ሲጽፍ የፊደላቱን ኳኳታ እየሰሙ መስፋት ለምደው እንደነበር ነገሩን። ከሞተ በኋላ ያቺ ሰዓት ስትደርስ ቤቱ የሚያስፈራ ሆነባቸው። አንድ ቀን ላፕቶፑን ከፈቱት፤ የሚጫኑትን ቁልፍ ልጃቸው በአንድ ወቅት አሳይቷቸው ነበር። ገጹ እሱ በተወበት ላይ ተከፈተ፣ ፊደሎቹም መውረድ ጀመሩ።

«ሞኝ እንዳልመስልሽ እህቴ» አሉ። «ልጄን አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ስፌት አውቃለሁ፤ የሰው እጅ ከሰው እጅ ይለያል። እሱ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል፣ ያጠፋል። ይሄኛው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አንዲት ክር አይተረትርም። የሌላ ሰው እጅ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ግን ማወቅ ሌላ ነው፣ መተው ሌላ ነው።»

«ታዲያ በሩ...»

«እሱ ቁልፍ ይረሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይረሳል። በሩን መቆለፍ አቃተኝ። ኋላ ግን፣ የሚጽፈው ማንም ይሁን ማን፣ መጥቶ ይግባ ብዬ ጻፍኩት። አንዷን ፊደል ለማግኘት ስፈልግ ቡናዬ ቀዘቀዘ።»

ልጃቸው ምን ሲሠራ እንደነበር ጠየቁ፤ በወጉ አያውቁትም ነበር። አክስቴ በቃል ጀመረችና አቃታት። ከቦርሳዋ ካቻቢቴዋን አወጣች፣ ጫፉን በስፌት መኪናው አካል ላይ አሳረፈች፣ እጀታውን በእሳቸው ጆሮ ኋላ ደገፈችላቸው። መንኮራኩሩን በእጇ ቀስ ብላ አዞረችው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ዘይት ይፈልጋል።»

«እሱ ነው ሥራው» አለች አክስቴ። «ለሕፃናት ማሽን። እኔ ስሄድ የሚሰማላቸው።»

ካቻቢቴውን ወዲያው አልመለሱላትም። ሁለት ጊዜ ደግማ አዞረችላቸው።

ከዚያ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ጨርቅ እንደሚለኩ ሁሉ በጣታቸው መስመር በመስመር ሄዱ። «የሟች ወራሽ እንደመሆኔ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ሲላክ ገጹ ምን ይሆናል?»

«ይዘጋል ጋሼ።»

«ፊደል አይወርድበትም?»

«አይወርድበትም።»

ወደ ኮቱ አዩ። «ለእሱ ነበር። የቀረው አንድ እጅጌ ነው። ቁጭ ብል በአንድ ጠዋት ይወጣል። አልተቀመጥኩም። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች። ወረቀቱን አጥፈው ከጠመኔው ሳጥን ሥር አደረጉት። መቼ እንደሚያስፈልጋት ሲጠይቋት ዓርብ ስድስት ሰዓት አለች፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ደረጃውን ስንወርድ ስለ ሰባት ቁጥርና ስለ ስምንት ወሯ ልጅ ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቅኳት። ብትነግራቸው ይፈርሙ ነበር።

«እሱን ነግሬ ባስፈርማቸው የፈረሙልኝ እሳቸው አይሆኑም» አለች።

ሐሙስ ነጥቧ አልበራችም። ሽቦ ናስትሮውን አየ፣ አክስቴን አየ። አክስቴ ናስትሮውን ከጠረጴዛው ልጣ በጣቷ አድቦልቡላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ነጥቧ በራች። ማመልከቻው ከጥያቄ አሥራ ዘጠኝ በቀር አልቋል፤ የሚጻፍ ነገር የለም። አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ሄደ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል በጥቁር «እዚህ ነኝ» ብላ ጻፈች።

ሰማያዊዋ ጭረት ብልጭ ድርግም አለች። የመጀመሪያው ፊደል «ል» ነበር። ሁላችንም ቆምን፤ ሽቦ ፒንሳውን እንደያዘ፣ እኔ ካርዶቼን እንደታቀፍኩ። እያንዳንዷን ፊደል ሲፈልጉ፣ ጣታቸው በፊደላቱ ላይ ሲዞር የማየው ይመስለኝ ነበር።

«ልጄ ሞቷል።»

ከዚህ በኋላ ምንም ያልወረደበት ጊዜ ረጅም ነበር። የግድግዳው ሰዓት አምስት ተኩል አለ። አክስቴ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ሥራው ግን ይቀጥል። አባቱ። ፈርሜያለሁ።»

ሽቦ ቁልፉን ከሚስማሩ አንሥቶ ወደ ሞተር ብስክሌቱ ሮጠ። አክስቴ በሕይወቷ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ጋዋኗን እንደለበሰች ከኋላው ተፈናጠጠች። ሲመለሱ ለስድስት አሥራ አምስት ጉዳይ ነበር። ወረቀቱን ስካን አደረግኩ። ፊርማው አጠገብ የጠመኔ አሻራ ነበረበት፤ አብሮ ገባ።

ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ ግን እንዳለ ነበር፦ «ዘገየህ። በሩ አልተቆለፈም። እዚህ ነኝ። ልጄ ሞቷል። ሥራው ግን ይቀጥል። አባቱ። ፈርሜያለሁ።» አክስቴ ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይሄ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንዴት ይባላል?»

ተቀመጥኩ። ጣቶቼን አሳረፍኩ። የማስወጣውን ቃል ፈለግኩ፣ «ይሄ ምን ይሠራል?» ብዬ እያንዳንዱን ጠየቅኩ። ከሥሩ የተተኪውን መምህር ስም ብቻ ጨመርኩ። ከላይ ያለውን አንድ ፊደል አልነካሁም። አክስቴ «ላክ» የሚለውን ራሷ ተጫነች። ለስድስት አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን። አራት ሰዓት ሲሆን አክስቴ ገጹን ከፈተች። ሁሉም ግራጫ ሆኗል፣ ከላይ «ተቆልፏል» ይላል። ጭረቷ የለችም። ከመምህሩ ስም አጠገብ ግን ነጥቧ በራች። አክስቴ ፊደላቱን ተጫነች፣ ምንም አልወረደም። አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ነጥቧም ጠበቀች። አሥር ደቂቃ ሆነ። ያኔ ካቻቢቴዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሣች፤ እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ።

ደረጃው መጨረሻ ላይ ስንደርስ በሩን በመዳፏ ገፋችው። አልተነቃነቀም። ተቆልፏል።

ያን ጊዜ ከውስጥ ድምፅ ሰማን። አክስቴ ጆሮዋን በቀጥታ በሩ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች። የስፌት መኪናው እየሄደ ነበር፤ ሳይቸኩል፣ ሳይቆራረጥ፣ ረጅም ስፌት። ብዙ አዳመጠች።

«ዘይት ጠጥቷል» አለችኝ በሹክሹክታ።

መኪናው ቆመ። አክስቴ እንደ ልማዷ ቀና አለች። ጸጥታው ውስጥ ጥቂት ቆየች፣ ከዚያ በጣቷ አንጓ ሁለቴ አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «ስጽፍ የነበርኩት።»

ቁልፉ በበሩ ውስጥ ሲዞር ሰማሁ።